ባሻ አንለይን ልጅ ለማድረግ

የአንድን ሰው ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ ማን ነው ብትሉኝ፣ ድሮ ቢሆን «እናቱ» እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን «እስቲ መጀመሪያ ኮሚቴው ይሰብሰብ» ነው የምላችሁ። ዕድሜ የሚባለውን ነገር እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ። በበቅሎ ሄጄ ፈልጌዋለሁ፤ በጭቃ ተንከባልዬለታለሁ፤ በሾላ ሥር ታስሬበታለሁ። ሳስበው ዛሬም ወገቤን ይይዘኛል። ቢሆንም የሰው ልጅ የደረሰበትን ካላወጋ አይቀልለውምና፣ እናንተ ተቀመጡ፣ እኔም ግድግዳውን ደገፍ ብዬ ልንገራችሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርሁ። ጸሐፊ ስላችሁ ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ። ሌሎች የሚናገሩትን የምጽፍ፣ የጻፍሁት ሲያምር የፈራሚው፣ ሲበላሽ የኔ የሚሆን ሰው ነበርሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ ልቤ አልቀየመውም። አምሳ አምስት ዓመት የሞላው ይረፍ፤ ከዚያ ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለው እስኪሞት ድረስ በየወሩ እየተከፈለው ይረፍ ነው የሚል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ሕጉን የጻፉት ሰዎች፣ ሰው ሁሉ መቼ እንደተወለደ ያውቃል ብለው አስበው ነው የጻፉት። በእኛ አገር ደግሞ የሰው ተዝካሩ እንጂ ልደቱ አይቆጠርም። የሞተበትን ቀን አጥቢያው ሁሉ ያውቃል፤ የተወለደበትን ቀን የምታውቅ አዋላጇ ናት፤ እሷም ሞታለች።

በዚህ ምክንያት አሠራሩ ውሉ ጠፋ። ሰባን ያለፈው ወንበሩ ላይ እያንቀላፋ ደመወዙን ይበላል፤ ገና ጎልማሳው ደግሞ ከአለቃው ጋር በተጣላ ማግሥት «አርጅተሃል» ተብሎ ይሰናበታል። ይኸን የሰሙት የበላዮቻችን «የጡረታው አሠራር ተመርምሮ ይስተካከል፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ዕድሜና አገልግሎት በኮሚቴ ይጣራ» ብለው አዘዙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሰይፉ የሚባሉ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጡ፣ ቀጭንና ጨጓራ የሚያሠቃያቸው ሰው ናቸው። የተልባ ጠርሙሳቸው ከእጃቸው አይለይም። ሁለተኛው አባል ድሬሰር ምትኩ ነው፤ ከሐኪም ቤት የተላከ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚጠርግ ወጣት። ሰውነት አይቶ ዕድሜ እንዲገምት ታዘዘ። እሱም ሌላ የሚያውቀው መላ ስለሌለ እንደ በቅሎ ነጋዴ ጥርስ ያይ ጀመር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የምጽፈው።

ሥራውን ፍኖተ ሰላም ላይ ስንጀምር፣ ሕዝቡ ሁሉ ያልተጠበቀ ልጅነት ገባበት። ጡረታ ማለት መባረር ነው ተብሎ ተወርቶ ኖሯል። «መቼ ተወለዱ?» ስንል፣ «በኅዳር በሽታ።» ቀጣዩን ስንጠራ፣ «በኅዳር በሽታ።» የሂሳብ ሹሙም፣ ተላላኪውም፣ የእስር ቤቱ አዛዥም በኅዳር በሽታ። ያ በሽታ አገር የፈጀ መቅሠፍት ነበር ሲባል ነው የሰማሁ፤ ለካስ የፍኖተ ሰላምን ሠራተኛ ሁሉ የወለደው እሱ ኖሯል።

የመዝገብ ቤቱ አቶ ገበየሁ ራሳቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ነበሩ። በቀጠሯቸው ቀን ጥቁር ሆነው መጡ። ከሰል ደቁሰው በቅቤ ለውሰው ተቀብተው ነው። ነገሩ ባልከፋ፣ ግን ወሩ ሰኔ ነው፤ ከቤታቸው እስከ ቢሮ ሲመጡ ዝናቡ አገኛቸው። አቶ ሰይፉ ፊት ሲቆሙ ጥቁሩ ከግንባራቸው ተነሥቶ በጆሯቸው ሥር ወርዶ ነጭ ኮሌታቸው ላይ ያርፋል።

«አቶ ገበየሁ» አሉ አቶ ሰይፉ፣ ከተልባቸው ቀና ብለው፣ «ዕድሜዎ እየፈሰሰ ነው።»

በማግሥቱ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ። አንዱ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ «ጡረታ እኮ ቤት ተቀምጦ መብላት ነው፤ ሰውዬው ቢሞት ሚስቱ ትቀበላለች» ብሎ አወራ። ጠዋት ቢሮ ስንገባ ደጁ በሽማግሌ ተሞልቷል። ትናንት በኅዳር በሽታ የተወለዱት ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ክፉ ቀን ዘመን ተሻግረዋል። ገበያ ውስጥ የሚሸጥ ከዘራ አልቆ አንዳንዱ የዣንጥላ እንጨት ተደግፎ መጣ። አቶ ገበየሁም ራሳቸውን ታጥበው፣ እያቃሰቱ፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ቀረቡ። አቶ ሰይፉ ጠርሙሱን አንሥተው እስከ ግማሹ ጠጡና «ቡሬን ብናስቀድም ሳይሻል አይቀርም» አሉ። በጭነት መኪና ተሳፍረን ቡሬ ወረድን። ከዚህ ወዲያ ያለው መከራ የቡሬ ነው።

የቡሬው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ባሻ አንለይ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ፣ ገዢ ቢመጣም ውሻ ቢመጣም እኩል ሰላምታ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ያንን በር መጠበቅ የጀመሩበትን ዘመን ቡሬ ውስጥ የሚያስታውስ የለም። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የወረዳው ገዢዎች ጤፍና አሮጌ ልብስ እየሰጡ ነበር የሚያስጠብቋቸው። በመንግሥት መዝገብ በደንብ ከተቀጠሩ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ገና አንድ ዓመት ይቀራል። ዛሬ አምሳ አምስት ሞልቷቸዋል ከተባለ ያለ ጡረታ፣ «እግዜር ይስጥልን» ተብለው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ነው። የርስታቸውን ድርሻ ወንድሞቻቸው ከተካፈሉት ቆይቷል። ካፖርቱም ቢሆን የመንግሥት ነው።

ባሻ ገብተው ሰላምታ ሰጡና ቆሙ።

«መቼ ተወለዱ?» አሉ አቶ ሰይፉ።

«በኅዳር በሽታ ጌታዬ።»

አቶ ሰይፉ ያንን ሒሳብ ስንት ጊዜ ሠርተውታል፤ ጣታቸውን እንኳ አልቆጠሩም። «አርባ ስምንት» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ።»

ብዕሬን አጥቅሼ ልጽፍ ስል የወረዳው ጸሐፊ ጥሩነህ ማኅተም ይዞ ገባ። ጥሩነህን ጠዋት መርምረነው አርባ አራት ዓመት ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

«ይኸ ጸሐፊ አገሩ የት ነው?» አሉ አቶ ሰይፉ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።

«እዚሁ ነው ጌታዬ» አሉ ባሻ በኩራት። «የኔው ልጅ ነው።»

አቶ ሰይፉ አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጁን አዩ።

«ባሻ፣ ልጅዎ አርባ አራት ነው። እርስዎ አርባ ስምንት። በአራት ዓመትዎ ነው የወለዱት?»

ባሻ ጥቂት አሰቡ። «የቡሬ መሬት ለም ነው ጌታዬ» አሉ። «ቶሎ ያደርሳል።»

ጥሩነህ አባቱ ጉድጓድ ውስጥ መግባታቸውን አይቶ ሊያወጣቸው ዘለለ። «እኔም ጠዋት ተሳስቼ ነው ጌታዬ፤ አርባ አራት አይደለሁም። ሃያ ስምንት ነኝ።»

«መንግሥት ሥራ ከገባህ ሃያ ዓመት አልፎሃል። በስምንት ዓመትህ ነው ጸሐፊ የሆንኸው?»

«ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር ጌታዬ።»

ይኸን ጊዜ በመስኮቱ በኩል የሴት ድምፅ መጣ። የባሻ ባለቤት ወይዘሮ ባንቻምላክ ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ኖረው ትዕግሥታቸው አለቀ። «አንለይ ልጅ ነው! እኔ እመሰክራለሁ!» እያሉ በሩን ከፍተው ገቡ።

አቶ ሰይፉ ምስክር ማባረር የማይወዱ ሰው ናቸው። «እርስዎስ እመቤቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት» አሉ ወይዘሮ ባንቻምላክ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ።

«እመቤቴ፣ ልጅዎ እኮ አርባ አራት ዓመቱ ነው።»

«እሱ በአባቱ ነው የወጣ።»

አቶ ሰይፉ ሆዳቸውን ያዙ። ድሬሰር ምትኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አቶ ሰይፉ ግን አልሳቁም፤ ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ የተጠራቀመው ድካም አንድ ላይ መጣባቸው። «በቃ!» አሉ። «ኮሚቴው ነገ ማታ ይነሣል። እስከዚያ የሚታመን ምስክር፣ ክርስትና ሲነሡ ያየ ካህን ካልመጣ፣ ባሻ አንለይ ስልሳ ናቸው ብዬ ጽፌ እሰናበታለሁ።»

ባሻ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ። «እንግዲያው ጌታዬ፣» አሉ ዝግ ብለው፣ «በሩን ለማን ነው የማስረክብ?» ከእሳቸው ሌላ ዘበኛ አልነበረም።

እኔ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አመለጠኝ። «ያሳዝናል» አልሁ።

ወገኖቼ፣ መንግሥት ቤት ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ይኸን ቃል እንዳትናገሩ። «ያሳዝናል» ያለ ሰው «እንግዲያው አንተ ሂድ» ነው የሚባል። አቶ ሰይፉም ያንኑ አሉኝ። ባሻ ራሳቸው እንዳይሄዱ በሩን ማን ይጠብቃል? ጥሩነህ እንዳይሄድ፣ ልጅ ለአባቱ ያመጣው ምስክር አይታመንም። ባሻን ክርስትና ያነሡት ቄሰ ገበዝ ጥበቡ የሚባሉ ካህን በሕይወት አሉ፤ ከቡሬ ወዲያ የግማሽ ቀን የበቅሎ መንገድ ሄዶ የሚገኝ የሚካኤል ደብር ውስጥ። በቅሎዋን ወይዘሮ ባንቻምላክ ከወንድማቸው ቤት አመጡልኝ።

«ደግ በቅሎ ናት» አሉኝ እርካቡን ይዘው ሲያወጡኝ። «አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለባት፤ ቄስ ነው የለመደች።»

ትርጉሙ የገባኝ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ነው። በቅሎዋ ደጀ ሰላሙ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ብኮረኩራት፣ ብለምናት፣ ብሳደብ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሳይሆንልኝ ሲቀር ወረድሁ፤ ከወረድሁ አይቀር ብዬ ተሳለምሁ። ይኸኔ መንገዷን ቀጠለች። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከአንዱ ደብር ጉልላት ሌላው ይታያል። በዚያ ቀን የተሳለምሁትን ያህል በዕድሜዬ ሙሉ ተሳልሜ አላውቅም። እግዜር ይይልኝ፣ አንዱም በፈቃዴ አልነበረም።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ከወንዙ ማዶ ሌላ ጉልላት ታያት መሰለኝ፣ ፍጥነት ጨመረች። መሬቱ የሰኔ ጭቃ ነው። እሷን አዳለጣትና ተመልሳ ቆመች፤ እኔ ግን አልተመለስሁም። በጭንቅላቷ ላይ አልፌ በአፌ ድንጋይ ሳምሁ። ስነሣ ሁለት የፊት ጥርሶቼ የሉም፤ የግራ ጫማዬን ደግሞ ጭቃው ውጦታል። ክንዴን ሰድጄ ፈለግሁት፤ አጣሁት። በቅሎዋ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ በዓይኗ «አልተሳለምህም እኮ» የምትለኝ ይመስለኛል።

እንዲህ ሆኜ፣ አንድ እግሬ በጫማ፣ አንድ እግሬ ባዶ፣ ከንፈሬ አብጦ መንደሩ ደረስሁ። መጀመሪያ የተቀበሉኝ ውሾች ናቸው። ቀጥለው ገበሬዎቹ መጡ። ያ ወቅት መሬት ይለካል፣ ከብት ይቆጠራል፣ አዲስ ግብር ይጣላል እየተባለ ገጠሩ ሁሉ ያኮረፈበት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ኮት ለብሻለሁ፣ ብዕር ደረቴ ላይ ሰክቻለሁ።

«ቀላድ ጣይ ነው!» አለ አንዱ። በትር ይዘው ከበቡኝ።

«ምንድን ነው የመጣህበት ጉዳይ?» አለኝ ጠና ያለው።

«መሬት አይደለም ወንድሞቼ» አልሁ፣ በጎደለው ጥርሴ እያፏጨሁ። «ስለ ዕድሜ ነው የመጣሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «አላልኋችሁም!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው። «መሬቱን ለኩ፣ ከብቱን ቆጠሩ፣ አሁን ደግሞ በዕድሜያችን ግብር ሊጥሉ ነው!»

ከኋላ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ አዛውንት በትሩን ደገፍ ብሎ «እኔ ገና ልጅ ነኝ!» አለ ቶሎ ብሎ፤ ምናልባት ያኔውኑ የምመዘግብ መስሎት።

ወስደው ሾላ ሥር አስቀመጡኝ። ሁለት ሰው በላዬ ቆመ። ዝናቡ ጀመረ። የጎጃም ሰው እስረኛውንም አያስርብምና ጠላና የባቄላ ቆሎ አመጡልኝ። ጠላውን ጠጣሁ። ቆሎውን ግን በመዳፌ ይዤ አየሁት፤ በየትኛው ጥርሴ ልብላው? ያለቀስሁት ያኔ ነው፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ቄሰ ገበዝ ጥበቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ወገባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ግን ስል የሆነ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ወዘወዝ አድርገው ሰዎቹን በተኑልኝና ቤታቸው አስገቡኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ኮሚቴውን፣ የቀረችውን አንድ ዓመት፣ ባሻ «በሩን ለማን ላስረክብ» ያሉትን።

«ታዲያ እኔን ምን በል ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«ባሻ አንለይ አምሳ አምስት አልሞላቸውም ብለው እንዲመሰክሩልኝ ነው አባቴ።»

«እውነቱን ብናገር አንለይ ባዶውን ይወጣል። ብዋሽ እኔ ባዶዬን እቀራለሁ።» ጢማቸውን ደባበሱ። «ዛሬ እደሩ። ጠዋት እንሄዳለን።»

በማግሥቱ እሳቸው በቅሎዋ ላይ ወጡ፤ እኔ ከኋላ። በቅሎዋ ባለቤቷን ያገኘች ያህል ነፋስ ሆነች። በየደጀ ሰላሙ መቆሟን አልተወችም፤ ያ ብቻ ነው እንድደርስባት የረዳኝ። ሌሊቱን የጀመረኝ ትኩሳት ይነዳኛል። ጫማዬ ጓደኛ ስላልነበረው አውልቄ በእጄ ያዝሁት። ቡሬ ስንገባ ቄሰ ገበዙን ሰው ሁሉ እየተሻማ ይሳለማል፤ ለእኔ ግን ለማኝ መስያት አንዲት ሴትዮ ቁራሽ እንጀራ ሰጠችኝ። ደከመኝና ተቀበልሁ።

ኮሚቴው ተሰይሟል። አቶ ሰይፉ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙና ወንበር ሰጡ። ባሻ አንለይ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ባንቻምላክ በመስኮቱ ናቸው።

«አባቴ፣ ባሻ አንለይን ያውቋቸዋል?»

«አንለይን? አንለይ እኮ ልጅ ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ልጅ ሲሉ?»

«ልጅ ነዋ! በእጄ ነው ክርስትና የተነሣ። ያኔም ልጅ ነበር፤ ዛሬም ሳየው ልጅ ነው። እዩት እስቲ።»

ባሻ አንለይ፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ካፖርት፣ መሬት መሬት እያዩ ጣታቸውን ያፍተለትላሉ።

«በመስቀልዎ ይመሰክራሉ?»

«አንለይ ልጄ ለመሆኑ በመስቀሌ እመሰክራለሁ» አሉና ወደ እኔ ዘንበል ብለው ቀስ ብለው «ሰሙን ጻፉ፤ ወርቁን ተዉ» አሉኝ።

አቶ ሰይፉም ልጅነታቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ኖረዋል። ነገሩ እንደገባቸው ከፊታቸው አየሁት። ሽማግሌውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ ደጁ ላይ የቆመውን ካፖርት ተመለከቱ። ተልባቸውን ፈለጉ፤ ጠርሙሱ ባዶ ነው።

«ምትኩ፣ ጥርሳቸውን እይ» አሉ።

ድሬሰሩ የባሻን አፍ ከፈተ። ሲያይ ቆይቶ ተደነቀ። «አንድም አልጎደለ! ዛሬም ቆሎ የሚያደቅቁ ይመስላሉ።»

«ስንት ትላለህ?»

ምትኩ መስኮቱ ላይ ያሉትን ዓይኖች አየ። «አምሳ አራት» አለ።

«ጻፍ» አሉኝ አቶ ሰይፉ፣ የልጃቸውን አርባ አራት ዓመት እንዳላስታወሱ ሆነው። «አምሳ አራት። ዓመት ያገልግሉና ጡረታቸውን ይዘው ይረፉ።»

የወይዘሮ ባንቻምላክ እልልታ የቢሮውን ቆርቆሮ አናጋው። ባሻ ሰላምታ ሰጡ፤ እጃቸው ከግንባራቸው ላይ ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት። እኔም ትኩሳቴን ረስቼ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ወጉ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር!

«የቀረ ሰው አለ?» አሉ አቶ ሰይፉ፣ ቆባቸውን እያነሡ።

«ጸሐፊው ራሳቸው አልተመረመሩም» አለ ምትኩ።

እውነቱን ነው። የሁሉንም ዕድሜ ስጽፍ የራሴን ረስቼዋለሁ። ስቀጠር የነበረው ሹም ስለ ዕድሜዬ የጻፈው «ለአቅመ አዳም የደረሰ» ብሎ ብቻ ነው።

«አርባ ሦስት ነኝ» አልሁ። ከንፈሬ እንዳበጠ፣ ጢሜ እንዳደገ፣ ጭቃው ፊቴ ላይ እንደደረቀ ነው።

አቶ ሰይፉ በጥርጣሬ አዩኝ። «ምስክር?»

ወደ ቄሰ ገበዝ ጥበቡ ዞርሁ። ለአንለይ ያን ያህል የደከሙ ሰው ለእኔ አንድ ቃል አይነፍጉኝም ብዬ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የማላውቀውን አልመሰክርም ልጆቼ። እኒህን ሰው ያገኘኋቸው ትናንት ነው» አሉ። «ያኔም ሽማግሌ ነበሩ።»

ምትኩ አፌን ከፈተ። የጎደለውን ቦታ በጣቱ ነካው፤ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ፤ ሊገዛት ያሰባትን በቅሎ እንደተወ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። «አምሳ ሁለት» አለ። «ለዚያውም በደግ ዓይን ስናይ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ጥርሴ የወለቀው...»

«ይግባኝ ትላለህ» አሉ አቶ ሰይፉ፣ በጣም ደክሟቸው። «አሁን ጻፍ።»

ጻፍሁ። ጸሐፊ አይደለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕይወቴን በገዛ እጄ፣ ባማረ ጽሕፈት ቀንሼ አስረከብሁ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ባለቤቴ አጥሚት አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «ለመሆኑ እኔን ስታገባኝ ስንት ዓመትህ ነበር?» አለችኝ ጎድጓዳውን ሳህን እያቀበለችኝ። በማግሥቱ ደግሞ እሷም ሳትቀር «አንተ» ማለቱን ትታ «እርስዎ» አለችኝ፤ ቀልዷን ነው ብዬ ብጠብቅ አልተወችውም። ቢሮ ስገባ ወጣቶቹ ይነሡልኛል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የምጠራው እኔ ሆንሁ። አቶ ገበየሁ፣ ያ ከሰላቸው የፈሰሰባቸው፣ በመጨረሻ አርባ ዘጠኝ ተብለው ተመዝግበዋል፤ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቢያገኙኝ ወንበራቸውን ለቀው «ይቀመጡ አባቴ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ምን ላድርግ፣ እግሬ ይቆረጥመኛል።

ይግባኝ ልል አስቤ ነበር። ጠየቅሁ። ከተወለድሁበት አጥቢያ ክርስትና ስነሣ ያዩ ሦስት ምስክሮች እንዳመጣ ተነገረኝ። የተወለድሁት ቆላ፣ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙን አሰብሁ፣ ጭቃውን አሰብሁ፣ በየመንገዱ ያለውን ደጀ ሰላም አሰብሁ። ዕድሜን ከመፈለግ ማርጀት ይቀላል ብዬ ተውሁት።

በዓመቱ ባሻ አንለይ ጡረታቸውን አስጨርሰው ከወይዘሮ ባንቻምላክ ጋር ፍኖተ ሰላም መጡ። ካፖርቱን አስረክበው ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል። አንድ ቅል ማር ይዘውልኛል። ወይዘሮ ባንቻምላክ ስሞታ አላቸው፤ ባላቸው አርፈው እንደማያርፉ፣ ማለዳ ተነሥተው የወረዳው በር ላይ ቆመው አዲሱን ዘበኛ ሲያርሙት እንደሚውሉ ነገሩኝ።

«ቤት ባርፍ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ ባሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤት ግን እሷ አለች።»

ሣቅን። ከዚያ ባሻ ሣቃቸውን አቁመው ዝቅ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጌታዬ፣ ለእኔ ያን ያህል ተጎዱልኝ። የምከፍልዎት ነገር የለኝም። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ!»

«ባሻ፣» አልኋቸው፣ «እባክዎ ሌላ ነገር ይመርቁኝ። ዕድሜስ ኮሚቴው ሰጥቶኛል።»